ፎቶ ኮፒ ጋ ወራጅ

ጠዋት ሱቄን ልከፍት ስመጣ፥ በቆርቆሮው በሬ ላይ
ቀይ ቀለም ገና ያልደረቀ፥ ወደ ታች ሲወርድ ባይ፥
ኤክስ ነው። ከጎኑም ቁጥር፤ መቶ አሥራ ሰባት ይላል።
ጎረቤቴን መልኬን፥ ሊስትሮውን፥ መቶ አሥራ ስምንት ደርሶታል።
«ዘንድሮስ እንደ ተማሪ፥ መታወቂያ ቁጥር አገኘን»
ብሎ ሳቀ፥ ከዚያ ዝም አለ፤ ሁለታችንም ቀለሙን አየን።

አሥራ አራት ዓመት እዚህ ነኝ፥ ከማራኪ በር ፊት ለፊት፥
አንድ ማሽን፥ አንድ ጠረጴዛ፥ ሁለት ሜትር ተኩል ስፋት።
ይህች ከተማ ለድንጋይ ታዳላለች ይባላል፤
የእኔ ቤት ቆርቆሮ ነው፤ ማን ያዳላለታል?

ስንቱን ልጅ አስመርቄያለሁ፥ በትኩስ ወረቀት ሽታ!
የአንዱን ሞጁል፥ የአንዱን ሲቪ፥ መብራት ሲመጣ በማታ፤
የአንዷን የመመረቂያ ጽሑፍ፥ ሦስቴ ካማካሪ ተመልሶ፥
በአራተኛው ስታነብልኝ፥ ድምጿ በእንባ ርሶ።
የምስጋና ገጹን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ለእግዜር፥ ለእናት፥ ለአባት፥
ለአማካሪ። ለእኔ አይደለም። ግን ሳትም አየዋለሁ፥ እንደ ዘበት።

ረፋድ ላይ ቀያሹ መጣ፤ ሦስት እግር ተክሎ አስፋልት ላይ፥
አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፥ በአንዱ ሱቄን ጠበብ አድርጎ ሲያይ፥
አወቅሁት።
አጉማስ ነው፤ ያ ቀጭኑ፥ ያ የሲቪል ልጅ፤
ጽሑፉን የጠረዝኩት በዚህ በእኔ እጅ።
«በመንገድ ዳር ያሉ ትንንሽ ንግዶች…» ርእሱ ረጅም ነበር፤
አምስት ቅጂ፥ ሰማያዊ ሽፋን፥ የወርቅ ፊደል ከነቁጥር።
ዘጠና ብር ጎደለው፤ «ስቀጠር እከፍላለሁ» አለ፤
እኔም እሺ አልኩ፤ ይኸው ተቀጠረ፥ እዚህም ዋለ።
ምክረ ሐሳቡን ሳትም አንብቤዋለሁ፤ ገጽ ስልሳ ሁለት ግርጌ፤
«ነጋዴዎቹ እዚያው ቦታ ይሰጣቸው»፤ ወድጄው ነበር፥ እኔ ሞኟ፥ ደስ ብሎኝ፥ ፈግጌ።

አየኝ። የመሣሪያውን መስታወት ጠረገ፤ ቆሻሻ አልነበረ፤
«እትዬ ስንዱ፥ እንዴት ነሽ?» አለ፥ ወደ መሬት ተናገረ።
«ደኅና ነኝ። ገጽ ስልሳ ሁለት ላይ፥ ያ የጻፍከው የት ደረሰ?»
እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካ፥ አወጣ፥ ደግሞ መለሰ።
«መስመሩ ከላይ ነው የሚመጣው፤ የእኔ ሥራ መለካት ነው።»
ረዳቱ ቁርስ ሄዶ ነበር፤ የሜትሩን ጫፍ እኔ ያዝኩለት፤ ምን ላድርገው?
ከበሬ እስከ ቱቦው ልክ፥ ሦስት ሜትር ከአርባ ሆነ።
ጻፈ። እኔም በልቤ ጻፍኩ። ዘጠናው ብር ሳይነሳ ተዳፈነ።

አሁን መንገዱ ያምራል። ልዋሽ አልችልም፥ ያምራል።
መብራቱ ማታ ማታ፥ እንደ ሰርግ ቤት ደጅ ይበራል።
ሴቶቹ ልጆች ሦስት ሰዓት ላይ፥ ከላይብረሪ ሳይፈሩ ይወጣሉ፤
«ክረምት ጫማ በእጅ መያዝ ቀረ፥ ጭቃው ሄደልን» ይላሉ።
መልኬ ግን፥ ጭቃው ነበር እንጀራው፤
አዘዞ ወረደ አሉ፥ መንገድ ወዳልተሠራው።
እኔ ከሳሙና በር በላይ፥ ሰው ጓሮ ማሽኔን ተክያለሁ፤
ተማሪ አያውቀውም፤ ቀኑን ሙሉ አቧራ አራግፋለሁ።

ባለፈው ወረቀት ልገዛ ወጥቼ፥ ከፒያሳ በባጃጅ ተሳፍሬ፥
አንድ እሽግ ጭኔ ላይ ታቅፌ፥ በሁለት አዲስ ተማሪዎች ታጥሬ፥
አንዷ፥ ዘንድሮ የገባች፥ ሱቄን በዓይኗ ያላየች፥
«ፎቶ ኮፒ ጋ ወራጅ!» ብላ ጮኸች።
ሹፌሩም ምንም ሳይጠይቅ ቆመ፥ ንጣፉ ባለበት፤
አንድ ችግኝ፥ አንድ አግዳሚ ወንበር፥ ሦስት ሜትር ከአርባ ስፋት።
የምወርደው ገና ነበር። ግን ወረድኩ፥ ስሜ ነውና የተጠራ፤
ወንበሩ አዲስ ነው፥ ይቀዘቅዛል።
ማሽኑ እዚህ ጋ ነበር፥ በስተግራ።